የላሚቱ ኮቴ

ከሩዙ ማሳ ዳር፣ ከበርቢስ ወንዝ አፋፍ፣
ሸክላ አፈር በጋሪ አምጥቼ ዘረጋሁ እንደ ምንጣፍ።
አሥራ ስምንት እርምጃ፤ የክሪኬት ሕግ አይደለም፤
«አጭር ነኝ» አለች ሮሚላ፣ «አያቴ፣ ግድ የለም።»

በሲሚንቶ ሞልቼ አሮጌ የዘይት በርሜል፣
ወዲያ ወዲህ ስጎትት ወገቤ ቋ ቋ ሲል፣
ማታ ውሃ ሳጠጣት፣ ጧት ሣሯን ስላጫት፣
ስንጥቋን በአውራ ጣቴ አንድ ባንድ ስደፍናት፣
ሚስቴ አይታኝ ሳቀች ከመስኮቱ ቆማ፦
«ለኔ እንዲህ አልተጋህም፣ ሙሽራ ሳለሁማ!»

ከዚያ ሌሊት ዘነበ። የፐርሶድ ላም ገመድ በጥሳ
መጣች፤ ኮቴዋን ተክላ ሄደች፣ ሣሬን ግጣ ጨርሳ።
ሲነጋ ፀሐይ አደረቀው። ጭቃ ይዤ ስጠጋ
ሮሚላ እጄን ያዘች፦ «ተው! ዋጋ አለው፣ ትልቅ ዋጋ!»

ተንደርድራ ወረወረች። ኳሷ ከኮቴው አርፋ
እባብ ሆና ታጠፈች፤ የወንድሟን ዱላ አልፋ
ሦስቱን ችካል ዘረረች።

ዛሬም ሁሉን ደልድዬ አንዷን ጉድጓድ እዞራለሁ።
ማታ ግን በፐርሶድ አጥር አንድ አጭር ጥላ አየሁ፣
የላሚቱን ቋጠሮ ሲፈታ።
ዝም አልኩ። ገብቼ ተኛሁ።