ባሕር ሸሽ

ውሃው እንደ ልማዱ ከኅዳር ወዲህ ሸሽቷል፣
ጥቁሩ ጭቃ ደርቆ እንደ ተረከዝ ተሰንጥቋል፣
ደንገሉ ብቻውን ቆሞ የራቀውን ባሕር ያያል።
እኛም ግማሽ ጥማድ መሬት በሲባጎ አጥረን
“ማርስ ይሁን” አልነው፤
ከፖሊ ግቢ ዎርክሾፕ በባጃጅ ጭነን
ባለ ስድስት እግሩን ጋሪ እዚያ አወረድነው።

ሕጉ እንዲህ ነው፦
ከድንኳን ሆነን “ሂድ” ብንለው ወዲያው አይሄድም፤
አሥራ አራት ደቂቃ ይፈጃል ቃላችን ሲወጣ፣
አሥራ አራት ደቂቃ ይፈጃል ምላሹ ሲመጣ።
ሰማይ ሩቅ ነውና
ርቀቱን በኮምፒውተር ሰፋነው፤
መቶ እርምጃ የማይሞላ ሜዳ
ከሰማይ አስተካከልነው።

የመጀመሪያው ፎቶ ነጭ ድንጋይ አሳየን።
ውብአንተ ለካ፣ ያብስራ ቀመረች፣ ተጨቃጨቅን፣
“በግራ ይዙር” ብለን ላክን።
ዞረ። በጥንቃቄ፣ እንደ ሙሽራ።
ለካ ድንጋዩ ሻላ ኖሯል፤
ገና ምስሉ ሳይደርሰን ዓሣውን ውጦ በሯል።

ከዚያ ጋሪው ቆመ።
የኋላ ጎማው የደረቀ እምቦጭ ጠመጠመ፤
ውብአንተ “ወደ ፊት” ላከ፣ ሳይደርስ ደገመ፤
ያብስራ “ወደ ኋላ” አለች፣ እሷም ደጋገመች፤
ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ መንገዱን አጨናነቀች።
ጋሪው ምስኪን፣ ሁሉንም በተራ ታዘዘ፤
ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት እያለ
ጉድጓዱን ለራሱ ማሰ።

እኔ የደቅ ልጅ ነኝ።
ጀልባው በሳምንት አንዴ ነበር የሚመጣልን።
እናቴ ለአክስቴ “ልጁን አሞታል” ብላ ብትልክ
እሑድ የሄደው ቃል በእሑዱ ነው የሚመለስልን።
መድኃኒቱ ይደርሳል፣ ብዙ ጊዜ ለዳነ ልጅ፤
አንዴ ግን
ላልዳነ።
ኪቦርዱን ከእጃቸው ወሰድኩና
“ቆዩ” አልኩ። አንድ ቃል ብቻ ላኩና ቆየን።

በዚያ መሃል አያ ይሁኔ መጣ፣ የመሬቱ ባለቤት፣
ሽምብራውን ዐይቶ ሲመለስ፣ ዱላው ትከሻው ላይ።
“ወዴት ነው የምትሰዱት?” አለ።
ነገርነው። ቀይ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ብርዱ አይጣል ነው፤
ዱሮ ግን፣ ቆጥረው የማይደርሱበት ዱሮ፣
ሐይቅ ነበረው አሉ፣ ወንዝ ነበረው፤
ጋሪው የሚሄደው የሐይቁን ዳር ሊፈልግ ነው፣
ውሃው ሲሄድ ምን ጥሎ እንደሄደ ሊያይ ነው።

ሣቀ። “ባሕር ሸሽ ነው በሉኛ!
ይሄንማ መች አጣሁት።”
ጎንበስ ብሎ አንድ ጓል አነሣ፣ በጣቱ ፈትጎ አሸተተው፤
“ይህ መሬት ቀን ይቆጥራል፤
ርጥቡ ሳያልቅ ዘር ካላቀበልከው ቂም ይይዛል።
እናንተማ... ዘገያችሁ።”
ትንሽ ዝም አለና
“እዚያስ፣ መቼ ነው የሚመለሰው?”
“ማን?”
“ውሃው ነዋ።”

ውብአንተ አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው፤
ያብስራ ጫማዋን አየች።
ከድንኳኑ ውጪ ጎማው ግማሽ ዙር ወደ ኋላ ተንፏቆ
እምቦጩን ሲተፋ በዐይናችን በብረቱ አየነው፤
ስክሪኑ ግን ገና አልሰማም።

መስከረም ላይ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ።
ሐይቁ መጥቶ ማርስን ወስዷታል፣
ሲባጎዋን፣ ካስማዋን፣ የስድስቱን ጎማ ዱካ።
አያ ይሁኔ ውሃው ዳር ቆሞ
“ይኸው፣ መጣ” አለኝ፣
ዘመድ ከሩቅ እንደገባለት ሰው።

ለጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም።
ርቀቱ ነው እላለሁ፤
መንገድ ላይ ነው፣ ገና አልደረሰም።