አምስት ሚሊ ሜትር

ጦሳ ጉሙን ሳያወልቅ፣ ደሴ ገና ሳትሞቅ፣
መለኪያዬን በአልኮል አጥባለሁ፤
ሁለት እግር ያላት ቀጭን ብረት ናት፣
ሰው ዓይን ላይ ቆማ ርቀት የምትጠይቅ።

ሲስተር ይሉኛል። ሥራዬ ቁጥር ነው።
በሽታው ከነጩና ከጥቁሩ ወሰን ላይ ይበቅላል፤
እንደ ድንበር ገፊ ጎረቤት፣
ዘንድሮ አንድ ትልም፣ ለከርሞ ሌላ ትልም ይሰርቃል።
ከአምስት ሚሊ ካላለፈ፣ አንድ ብዬ እጽፋለሁ፤
ካለፈ፣ ሁለት፤
ወደ ዓይን ውስጥ ወይ ወደ ቆቡ ከዘለቀ፣ ሦስት፤
ከጉድጓዱ አጥንት ከደረሰ...
እዚያ ላይ እስክሪብቶዬ ይከብደኛል።

ጦይባ ከሐይቅ መጣች፣ ሦስት ሚሊ ይዛ።
እህቷ የሰርግ ፎቶ ስልኳ ላይ አጉልታ፣
«ዓይንሽ ላይ ሩዝ ቀርቷል» ብላ ስቃባት ነው።
ጠብታ አደነዘዛት፤ ሐኪሙ ከዙሪያው
ጤነኛ ሥጋ ጨምሮ ቆረጠ፣
ጠርዙን በብርድ አቃጠለ፤
ከቀትር በኋላ በሚኒባስ ተመለሰች።
ዓመት አለፋት። ዓይኗ ንጹሕ ነው።

ይመር ግን የባቲ ደላላ ነው፣
የበሬ ከንፈር ገልጦ ዕድሜ የሚያነብ።
ሁለት ሰኞ፣ አሥር ሰኞ፣ ስድሳ ሰኞ አለፈው፤
«ሞራ ነው» አሉት፣ «ነፋስ ነው»፣
ቅባት ሸጡለት፤
ጥቁር መነጽር ገዛ፣ በዋጋው ተከራከረ።
የመጣ ቀን ቆቡ አልከደን ብሎት ነበር።

«ስንት ሆነ ሲስተር?» አለኝ፤
ገበያ መስሎት ነው፣ ቁጥር ሲበዛ የሚከበር።
«አራት» አልኩት።
«በእኛ ቤት አራት ጥርስ ያበቀለ
ለሞፈር የደረሰ ነው።»
«በእኛ ቤት ግን...» ጉሮሮዬ ተያዘ።
ዓይን ያወጣ ውሸት ብዙ ሰምቻለሁ፤
ዓይን ያወጣ እውነት የተናገርኩት ያን ዕለት ነው።

አወጡት። ጉድጓዱን በጭኑ ቆዳ ለበጡት።
ተረፈ፤ የመትረፉን ዋጋ በግማሽ ፊቱ ከፈለ፣
ሳይከራከር።

ቁጥር መሐላ አይደለም፣ ይህንንም ልናገር፦
አንድ የጻፍኩባት የኩታበር ልጅ
በዘጠኝ ወሯ ተመለሰች፣ ከጠባሳው ጥግ ዳግም በቅሎ፤
ሦስት ያልኩት የመርሳ ሽማግሌ
ዛሬም ጤፉን ያጭዳል።
ግን መዝገቡን ስገልጥ፣ ገጹ ወደ አራት ሲጠጋ፣
የቀጠሮው ፊርማ ይሳሳል፤
አግዳሚው ላይ ቦታ ይበዛል።

ባለፈው ማክሰኞ ይመር ለክትትል መጣ፣
የግመል ነጋዴውን ሐመዱን በእጅጌው ጎትቶ።
«ትናንት በዋጋ ስንጣላ ፀሐይ ፊቱን መታው፤
አየሁበት» አለ፣
በአንድ ዓይኑ ሁለቱን ዓይኖቼን ይዞ።
መለኪያዬን አቆምኩ።
ሁለት ሚሊ ተኩል።
አፌን ሳልከፍት ደላላው ቀደመኝ፦
«አብሽር ሐመዱ፣
ይሄ ገና የወተት ጥርሱን አልጣለም።
ቀንድ ሳያወጣ ይታረድ፣
ዓይን ሳያስወጣ።»