ለአንድ ማሽን ብቻ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከፎቶ ኮፒው አጠገብ፣
ሃያ ዓመት ጻፍኩ የሰው ክስ፣ የሰው ውርስ፣ የሰው ቤተሰብ።
ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው፤ ሲነሳ ይቃትታል፣
መብራት በሄደ ቁጥር ዓመተ ምሕረት ይስታል።
ግን አንድ ነገር ያውቃል አዲሶቹ የማያውቁት፣
የጥንቱን የፊደል ፕሮግራም፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው የተዉት።

አዛናው መጣ ከአዘዞ፤ የእድር ጸሐፊ ነው፣
ፍላሹን እንደ ወለቀ ጥርስ በመሐረብ የቋጠረው።
«እህቴ፣ የእድሩ መዝገብ እዚህ ውስጥ አለ፤
ማን እንደ ከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለ፣
የማን እናት ስታርፍ ድንኳን እንደ ተተከለ።
ማሽናችን ተቃጠለ። በአዲሱ ስከፍተው
ፊደሉ በሙሉ ሳጥን ነው፤
ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ መሐሉ የጥያቄ ምልክት፣
ሙታኑን ሁለተኛ የቀበርናቸው መሰለኝ በእውነት።»

ቁልፉ እኔ ጋ ነበረ፤ አሥራ ስድስት አኃዝ፣
በደረሰኜ ጀርባ የተጻፈ፣ እንደ ክታብ የሚያዝ።
ግን በዚያው ደረሰኝ ላይ፣ ከማኅተሙ በታች፣
«ለአንድ ማሽን ብቻ» የምትል መስመር አለች።
ከሥሯ ፊርማዬ፤ ቀጭን፣ የልጅነት፣
ገና ባል ሳላገባ የፈረምኩት።

ደወልኩ ለሻጮቹ፤ ቁጥሩ አገልግሎት ላይ አይደለም።
ደብዳቤ ጻፍኩ በፖስታ ሳጥን፤ ተመለሰ፤ «ተቀባይ የለም።»
አዲስ አበባ ለሚወርድ የጎረቤት ሹፌር አድራሻውን ሰጠሁ፤
«ቢሯቸው» አለኝ ሲመለስ፣ «ሚስማር ቤት ሆኗል። ገብቼ ጠየቅሁ፣
‹ቆርቆሮ ትፈልጋለህ?› አሉኝ።»

ታዲያ ይህ ፈቃድ የማን ፈቃድ ነው?
ሰጪው ጠፍቶ ሳለ፣ ማን ነው ከልካዩ ሰው?

ጓዴን ጠየቅሁ፣ ከጎኔ የሚቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ፣
የአዋጅ ቁጥር እንደ ዳዊት ደጋሚ፣ አንዲት ነጥብ የማያሳልፊ
ብዬ ስሳለቅበት የኖርኩትን።
«ድርጅት ቢፈርስ መብት አይፈርስም» አለኝ መነጽሩን ወልውሎ፣
«ባለቤቱ ጠፋ ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም» ብሎ።
ጣቱን ወደ ግቢው ሰደደ፤ «ግንቦቹን ተመልከቻቸው፣
ነገሥታቱ የሉም፤ አንድ ድንጋይ ብትነቅይ ግን ጠባቂ አላቸው።»

«ድንጋይ ብነቅል» አልኩት፣ «ግንቡ ይጎድላል፤
ቁጥር ለአዛናው ብነግረው ከማን ምን ይቀነሳል?»
«የሚጎድለውንማ» አለ ጓዴ፣ «ሰው ራሱ ይጠብቀዋል።
ሕግ የተጻፈው ለማይጎድለው ነው።»
ወደ ማመልከቻው ተመለሰ፤ ሰው ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቁጥሩን ለአዛናው ጻፍኩለት፣
በሎተሪ ጀርባ፣ ሳይደርሰኝ በቀረች ወረቀት።
ዋጋውን ግን ክፈል አልኩት፣ የገዛሁበትን፤ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር፣
በፖስታ አሽገን መሳቢያ እናኑረው፤ ቢመጣም ባይመጣም፣ ይኑር።
ፖስታው ላይ ጻፍኩበት፤ «ለባለ ፊደሎቹ።»
አዛናው ሳቀብኝ። ከፈለ። ተከፈቱ መዝገቦቹ።

ወሬ አይደበቅ። ከማራኪ የትምህርት ቤት መዝገብ ያዥ፣
ከቆላ ድባ የወፍጮ ማኅበር፣ ከዳባት አንድ ንብ አንቢ፤
ሁሉም ከፈለ፣ ሁሉም ቁልፉን ይዞ ሄደ። ፖስታው ወፈረ።
ሁሉም ስል ዘጠኝ ሰው ነው።

ማንም አልጠየቀም። ክረምት ገባ፣ ፍርድ ቤቱ ተዘጋ፣
አንድ ገጽ የሚያስጽፍ ጠፋ፤ የኪራይ ቀን ተጠጋ።
ስቴፕለር ስፈልግ በጨለማ እጄ ፖስታውን አገኘ፤
ስድስት መቶ ብር አወጣ፤ ምክንያት ወዲያው ተገኘ።

በጥቅምት መለስኩት፤ አምስት ብርም ጨመርኩበት።
ለጓዴ አልነገርኩትም። ስለ ቁልፎቹ ግን ዛሬም እሟገታለሁ፣
ዛሬም ይረታኛል፤ ቤቴ ገብቼ ደህና እተኛለሁ።
የሚቀሰቅሰኝ ሌላ ነው፤
የዚያች የነሐሴ ማታ የመሳቢያው ጩኸት፣
ብሩን በእጄ ጨብጬ፣
የሌለውን ሰውዬ
መጣ ብዬ፣
ዞሬ በሩን ያየሁት።