በግምት

ቅጹ ከፍኖተ ሰላም በአይሱዙ ጋቢና ፈረስ ቤት ደረሰ፤
ጥያቄው አንድ ነው፣ ፊደሉ በፎቶኮፒ ብዛት የፈረሰ፦
«የሳሉ በሽታ ቢገባ፣ ከቀበሌው ስንቱ ሰው ይጠናበታል?
በግምት ይሞላ፤ እስከ ዓርብ ይላክ፤ ማኅተም ያርፍበታል።»

ባንቺአምላክ ጃንጥላ፣ እኔ ደብተር ይዘን ጭቃውን ወረድን፤
ጎጥ ለጎጥ፣ በር ለበር፣ ውሻ እየጮኸብን።

ከስድሳ ዓመት በላይ፣ ቀላል ነው ያልነው ነገር
መጀመሪያ ከበደን፤ ዕድሜ በዚህ አገር
ቁጥር አይደለም። «የተወለድሁማ አንበጣ በገብሱ የወረደ ለታ፤
እናቴን ጠይቃት ካላመንኸኝ፣ ተኝታለች እዚያ ከጥዱ ቦታ።»

ሽባባው ስኳሩን ደበቀን፤ ልጁን ሊድር ሽማግሌ ልኳል።
የጎረቤቱን አስም ግን ገና ከአጥሩ ማዶ ጆሯችን ሰምቷል።
አንዷ ደግሞ ምንም ሳይኖርባት «መዝግቡኝ» አለችን፤
ዘይት ይታደላል ሲባል ሰምታ፣ ጀሪካን ይዛ ተከተለችን።
ሌላዋ ቃል ሳትተነፍስ ከእህል ጆንያ ሥር ክኒኗን አሳየች፤
ባሏ ከጓሮ ሲስል፣ ጣቷን ከከንፈሯ ላይ አሳረፈች።
እሷን የት ልጻፋት? ስም የማይጠይቅ ዓምድ ቅጹ ላይ የለም፤
በእርሳስ አንድ ጭረት። ከእኛና ከጭረቷ በቀር ማንም አያውቃትም።

ከደብሩ ግርጌ፣ የቅኔ ተማሪዎቹ ጎጆ ጠባብ፤
ስድስት ልጅ ባንዷ ውስጥ፣ ትንፋሽ በትንፋሽ ላይ ሲደራረብ።
ወጣቶች ናቸው፣ ቅጹ አይፈልጋቸውም፤ ለመጣበብ ዓምድ የለው።
የኔታ ልሳነወርቅ በሩ ላይ ቆመው፣ ዘንጋቸውን ተክለው፦
«እዚህ የሚቆጠር ቅኔ ነው። ዳዊት ሕዝብ ቆጥሮ ሰባ ሺህ ረገፈ፤
አንተስ ለማን ብለህ?» ሲሉኝ ምላሴ ታጠፈ።
ጭቃውን ከጫማዋ በእንጨት እየፋቀች፣
ቀና ሳትል፣ ባንቺአምላክ መለሰች፦
«ዳዊት የቆጠረው ሰይፍ የሚመዘውን፤
እኛ የምንቆጥር፣ የኔታ፣ ማንካ የከበደውን።»

ዝም አሉ።
ቆይተው፣ በቀስታ፣ «እንግዲያስ ጻፉኝ፤ ደም ግፊት አለብኝ» አሉ።

ማታ በቢሮ፣ መብራት ስለሌለ፣ በሞባይል ብርሃን
ደመርን። ወንዝ የከለከለንን ጎጥ በጎረቤቱ ልክ አሰላን።
«ሺህ ሁለት መቶ አርባ» ብዬ ስጽፍ እጄን ያዘች፤
«የደበቀውስ? ያላወቀውስ? ሺህ አራት መቶ በለው» አለች።
ይኸው መቶ ስድሳ ሰው፣ ደጃቸውን ያልረገጥን፣ ያላየናቸው፣
በአንዲት ሴት ጥርጣሬ ተወለዱ፤ ሁለት ዜሮ ሆነ መልካቸው።

ዓርብ፣ አይሱዙው ጥሩምባ ሲነፋ፣
የአንበጣው ሽማግሌ ሌሊቱን አረፉ አሉን።
ላጲሴን አነሳሁ።
ከሺህ አራት መቶው የቱን ልፍቅ? ማንን?
ሹፌሩ «ቶሎ በል» ይለኛል። እሳቸውንም እንደያዘ ቅጹን አጥፌ ሰጠሁ፤
የድንች ጆንያ ላይ ሲወረውረው፣
«ቀስ!» ብዬ ጮኽሁ።