ዞሮ ለማየት

በሰባ ሁለት ሣጥን ተከፋፍሎ መጣ፣
ከኒያሳ ሐይቅ ዳር ከቀይ አፈር የወጣ።
ሻርጃ ወደቡ ላይ፣ በነሐሴ ሙቀት፣
ሰነዱን ገልጠው፣ «ዕድሜ?» ብለው ቢያዩት
መቶ ሚሊዮን ዓመት።
ማኅተም አደረጉ።
እኔን ግን ያኔ ስገባ ያቆዩኝ ስድስት ሰዓት
ለአንድ ፊደል ስሕተት።

ግማሹ ዐጥንት ነው፣ ግማሹም ጀሶ።
ኡኒ፣ የኬረላው፣ መሰላሉን ይዞ
«ምን ይበላ ነበር?» አለኝ አንጋጦ ተክዞ።
«ቅጠል።»
«ቅጠል ብቻ?»
«ጾመኛ ነው» አልሁት፣ «ፍስክ ሳያይ ኖሮ
ፋሲካው ሳይደርስ የቀረ ተቀብሮ።»

ሥራዬ ብየዳ። ከጅራት ጀምሬ
ዳሌውን ከወገብ በብረት አሥሬ
አንገቱ ላይ ደረስሁ፤
ዐሥራ ሦስት አከርካሪ፣ አንዷ ሙቀጫ የምታህል።
መሐንዲሱ መጣ፤ ሌዘር አበራና
ከራስ ቅሉ እስከ በር ቀይ መስመር ሣለና
«ቀጥ ይበል» አለኝ፣ «ወደ ትኬት ቤቱ፤
ሰው ገና ሲገባ ይግጠመው ከፊቱ።»

እሺ አልሁ። ጭንብሌን ወደ ታች መለስሁ።

አንገት የተሠራው ዞሮ ለማየት ነው
ይላል የእኛ አገር ሰው።
የእኔን ዐጭር አንገት፣ ስንዝር የማይሞላ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላዞርሁም ኋላ፤
ስምንት ሜትር አንገት ለታደለ ፍጡር
እኔ ልሁንበት የመጨረሻው እሥር?

ሁለት ጣት። ሁለት ጣት ብቻ ነው ያዞርሁት፣
ፀሐይ ወደምትጠልቅበት፣ ትንሽ ወደ ግራ።
ኡኒ አየ።
መሰላሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ እንጂ አልተናገረም።

ጧት መሐንዲሱ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ
«ጠሟል» አለ።
«ሲፈጠር ነው ጌታዬ።»
ጋዜጠኞች ደርሰው ነበርና ፈረመ።

በታኅሣሥ ዕረፍቴ ትኬት ቆረጥሁ፣ ሃያ አምስት ድርሃም፤
ከሥሩ ቆሜ፣ ዐይኔን ካይኑ ጉድጓድ አስተካክዬ
የሚያየውን አየሁ።
የጁስ መሸጫ ነው። ማንጎ፣ ሮማን፣ ሎሚ በናና።
ከጁስ ቤቱ ኋላ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ወዲያ የመኪና ማቆሚያ፣
ከዚያ አሸዋ፣ ብዙ አሸዋ፣
ከዚያ ባሕሩ፣
ከዚያ ያ ቀይ አፈር መኖር አለበት።

አንዲት ልጅ ብርጭቆዋን ይዛ ዘወር አለች፤
የሚያያት መሰላት መሰለኝ።
ከሎሚው ላይ የናና ቅጠል አወጣች፣
አራግፋ፣ በጣቶቿ ጫፍ ይዛ
ወደ ላይ ዘረጋችለት፤
እናቷ እየጠራቻት
ክንዷ እስኪዝል ጠበቀችው።