የጎደለው ቋጠሮ

አድሪያቲክ ዳር ላይ፣ ኮሚዣ ወደብ፣
የሎቭሬ ግድግዳ ክንድ ሙሉ ድንጋይ፣ መስኮቱ ጠባብ።
ጣሪያው ግን አዲስ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ሰሌዳ
ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይጠጣል ያለ ዕዳ።

ዕዳው ማታ ነው።
ቀትር ላይ የሞላው ኃይል ሰሚ አጥቶ
በርካሽ ይሄዳል ወደ መንገድ ወጥቶ፤
ሲመሽ ያንኑ ኃይል፣ የገዛ ፀሐዩን፣
በሦስት እጥፍ ይገዛል፣ እያየ ቆጣሪውን።

ጣሪያው በዋይፋይ ያወራል፤ ባትሪው በብሉቱዝ፤
ማሞቂያው፣ ከደረጃው ሥር፣ ዚግቢ ካልሆነ አይሰማም ትእዛዝ።
ሁሉም በየሳጥኑ፣ ሁሉም በየቋንቋው፣
አንድ ቤት እያደሩ ማን ማንን ሊያውቀው!
ሻጩ ጋ ደወለ። «መተግበሪያ ጫን» አሉት።
ሦስት ጫነ። ሦስቱም የይለፍ ቃል ጠየቁት።
ስልኩን ዳቦ ሳጥን ውስጥ ከተተው።

ከስፕሊት በመርከብ አንዲት ልጅ መጣች፣
ሻንጣዋን ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ፈታች።
ስሟ ዱንያ ነው። እኛ ዘንድ ሀብት ነው፣ ዓለም ነው፤
እነሱ ጋ ግን ጥሬው አፍ የሚያኮማትር፣
ሲቀቀል ማር የሚሆን የፍሬ ስም ነው።

«አዲስ ውል ወጥቷል» አለች፣ «ማተር ነው ስሙ፤
የተኳረፉ ዕቃዎች ባንድ ቋንቋ እንዲስማሙ።
ቃሉን የሚያደርስ ሬዲዮም አለ፤ ትሬድ ይሉታል፣ ክር ማለት፤
ድምፁ ደካማ ነው፣ ግን ሶኬት ለሶኬት እየተቀባበሉት፣
አንዱ ቢዘጋ እንኳ በሌላው ዞሮ ይደርሳል መልእክት።»

ሽማግሌው ሳቀ፣ ጥርሱ ሦስት ቢሆንም፤
«ሃምሳ ዓመት ምን ስሠራ ኖርሁ? መረብ ነው ይኼማ፣ ሌላ አይደለም!
ሞገዱንም አውቃለሁ፤ ዐለት ሲያገኝ
ይሰበራል እንጂ አያልፍም፣ አትንገሪኝ።»

ከዚያ ተነሣና ቤቱን በስንዝር ለካ፣
ኮሪደሩ ላይ የሰካችውን ነቀለ፣ መስኮቱ ጋ ሰካ።
«ቀዳዳው ሰፍቶብሻል፤ በዚህ በኩል ዓሣ ያመልጣል፤
እዚህ ቋጠሮ ይጎድላል።»
ለማመን አልቸኮለችም፤
በስልኳ ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ምንም አላለችም።
በመስኮቱ ወጥቶ፣ በግቢው በለስ ሥር አልፎ፣
በምድር ቤቱ ፍርግርግ ገባ ቃሉ፣ ድንጋዩን ገድፎ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣
ከደረጃው ሥር አጉረመረመ ማሞቂያው።
ጣሪያው ተናግሮ ነው። ማሞቂያው ሰምቶ ነው።
ሎቭሬ እጁን ታጠበ። ሙቅ ነው።
ቆየ። ቧንቧውን አልዘጋው።

በሦስተኛው ሌሊት አንዲት አረንጓዴ መብራት ጠፋች፤
ድመቲቱ ይሆናል፣ ወይ ሶኬቷ ተበላሸች።
ቃሉ ግን ዞሮ ሄደ፤ ቤቱ አልጨለመም።
ዱንያንም አልጠራም።
ቀይ ሲባጎ ከኪሱ አወጣ፣ በጥርሱ ቆረጠ፣
የሞተችዋ ሶኬት ላይ አንድ ዙር ጠመጠመ፣
የተቀደደ መረብ በጨለማ ሲዳስስ እንደሚያደርገው፣
ነገ በብርሃን እንዲያገኘው።