መቶ ዘጠኝ

ከፊራ ገበያ፣ ከጆንያ ሥር ተቀምጣ፣
ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ጨው ሰፍራ፣ ጨው ሸጣ፣
ዴቃ ዋይስ ዛሬ በሰው ሸክም መጣች፣
የሞተ ባሏን ስም ለእኔ እየሰጠች።

«ሙቀት ነው» አለ አንዱ፣ «ድሬ በግንቦቷ፤
ውሃ ብቻ ስጧት፣ ይረስርስ አንጀቷ።»
«ወባ ነው» አለ ሌላው። ጎረቤቷ ደግሞ
«ጂን ነው» አለ፣ በሩ ሥር ቆሞ።
ቤት ሳለች ሦስት ቀን፣ ሲያጠጧት ነው የዋሉ፣
በበጎ ልባቸው፣ በጀሪካን ሙሉ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ጃፈር ከላቦራቶሪ
በነጠላ ጫማ እየሮጠ፣ ወረቀት ይዞ መጣ፦
ሶዲየም፣ መቶ ዘጠኝ።
ድገመው አልኩት። ደገመው።
መቶ ዘጠኝ።
ከጨው ሻጯ ደም ውስጥ ጨው ታጣ።

«ጨው ለራስህ ስትል» የሚለው ተረት
ምላሴ ላይ መጥቶ፣ አፈርኩበት።

ሦስት በመቶ ጨው፣ መቶ ሚሊ ሊትር፣
ቀስ እያለ ገባ በክንዷ የደም ሥር።
መንፈራገጧ ቆመ፤ ዓይኗ ግን አልጠራ፣
የደም ግፊቷ ወርዶ፣ እምቢ አለ ሊያንሰራራ።
ሲስተር መኪያ፣ ልብስ ስትቀይርላት፣
«ዶክተር» አለች ቀስ ብላ፣ «ብብቷን እያት።
አንዲት ጠጉር የለም። ቅንድቧም ሳስቷል።
ፊቷ እንደ ሰም ገርጥቷል።»

ልጇ ኢፍራህ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከአልጋው እግር ሥር ነቅታ ነበር።
«የማን ጡት ጠባሽ?» አልኳት።
እንዲህ ያለ ጥያቄ፣ በዚህ ሌሊት፣ ለሕፃን አይቀርብም ነበር።
«ጡት አልጠባሁም» አለች፤ «እማዬ ወተት አጥታ፣
የፍየል ነው ያሳደገኝ። እኔን በወለደች ማታ
ደም ፈስሷት ነበር አሉ፣ በሽንሌ መንገድ ላይ፣
መኪናው ተበላሽቶ፣ ፀሐይ እስክትታይ።
ከዚያ ወዲህ ይበርዳታል፤ በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ትደርባለች።»
ጥቂት ዝም ብላ፣ «በኔ ነው የታመመች?» አለች።

ከአንጎል ሥር፣ በአጥንት ጎጆ፣
ሽምብራ የምታህል ዕጢ አለች፤
በዚያች ሌሊት፣ ደም ሲጎድል፣ በጥማት የደረቀች።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ያለ አዛዥ፣ ያለ ትእዛዝ፣
ዴቃ ጨው ሰፈረች፣ ጉልበቷ ሲፈዝ፣ ሲፈዝ።

«ባንቺ አይደለም» አልኳት። «በመንገዱ ነው።»

ሃይድሮኮርቲዞን ሰጠኋት፣ መቶ ሚሊግራም።
የታይሮይዱ ኪኒን ይቆይ፤ እሱ ከቀደመ
የቀረችውን ትንሽ ጉልበት በልቶ ነው የሚያልፍ።

ሊነጋጋ ሲል የሽንቷ ከረጢት ሞላ።
አፈሰስነው። እንደገና ሞላ፣
እንደ ምንጭ የጠራ። መኪያ እልል ልትል ነበር።
እኔ ግን ያደግሁት ከደቻቱ ዳር ነው፤
ደረቅ አሸዋ ላይ አንጥፎ የሚተኛውን አውቀዋለሁ፣
ውሃ በድንገት ሲመጣ የሚያደርገውን አይቻለሁ።
መቶ አሥራ አራት። መቶ አሥራ ሰባት።
ለአንድ ቀን የፈቀድንላት ስምንት ብቻ ናት።
ከዚያ ካለፈ አንጎል ነው የሚቀጣው፤
ምላስ ይታሰራል፣ እግር ይዝላል፣
ዓይን ብቻ ነቅቶ ይቀራል።
ስለዚህ ውሃውን መለስኩላት፣ በግሉኮስ፣ በጠብታ።
ጀሪካን የያዙት ጎረቤቶቿ ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን፣ መቶ ሠላሳ ላይ፣ ዴቃ ዓይኗን ገልጣ
«ያስገባችሁብኝ ጨው» አለች፣ «ዋጋው ስንት ወጣ?
በጣሳ ነው በኪሎ? ከኔ ብትገዙ
ቅናሽ ነበረው።»
ኢፍራህ ሳቀች፤ እኔ ግን ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

አሁን ኪኒን ነው፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ዕድሜ ልክ፤
ትኩሳት በያዛት ቀን፣ እጥፍ።
ኢፍራህ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈችው፣ በከሰል፣
ፊደሎቹ እንደ ፍየል ቀንድ ጠማማ።
መድኃኒት ቤቱ የሰጠን የሃያ ቀን ነው።
ሃያ አንደኛውን ቀን አላውቀውም።

ባጃጁ በድልድዩ ላይ ደቻቱን ተሻገረ፤
ከሥሩ አሸዋ ብቻ ነበረ።